የቆመ መርከብ ከየብስ መብራት እንዴት ይወስዳል? ጎርጎራስ ላይ ይቻላል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጎንደር ነው፤ ሥራዬ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው። ጎርጎራ ላይ ዳር ይዘው ያደሩ አንዳንድ ጀልባዎች ሌሊቱን ሙሉ ጀነሬተር ያስነሳሉ። በትልልቅ ወደቦች ግን መርከቡ ከየብስ መብራት ተሰክቶለት ሞተሩን ያጠፋል ይባላል። ነገሩ እንዴት ነው የሚሠራው? እኛስ ጋ ገመድ ዘርግቶ እንዲሁ ማድረግ ምን ያግዳል?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ልነሳ። ጎርጎራ ላይ ማድረግ ይቻላል። የታሰበው ገመድ ዘርግቶ መሰካት ብቻ ከሆነ ግን ባይደረግ ይሻላል። ወደቡ ትልቅ ሆነ ትንሽ ሥራው አንድ ነው፤ የራሱ ማመንጫ ያለውን ነገር ወደ ሌላ ማመንጫ ማሸጋገር። ኬብሉ ከሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ሰው የሚደናቀፈው በፍሪኩዌንሲው (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ)፣ በኧርዙ (ከምድር ጋር በሚያያይዘው መስመር)፣ እንዲሁም የትኛው ብሬከር (የኃይል ማብሪያና መቁረጫ) ቀድሞ ይዘጋል፣ ማለትም ኃይል ያሳልፋል፣ በሚለው ቅደም ተከተል ላይ ነው።

የባሕር መርከብ ወደብ ሲደርስ ዋናውን ሞተር ያጠፋል። የማይጠፉት ረዳት ሞተሮቹ ናቸው። መብራቱ፣ ፓምፑ፣ የአየር ማናፈሻው፣ ወጥ ቤቱ፣ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮቹ ሁሉ የሚያድሩት በእነሱ ነው። ለምሳሌ 1,500 ኪሎዋት የሚወስድ የኮንቴይነር መርከብ ለ24 ሰዓት ቢቆም 36,000 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ረዳት ሞተር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 210 ግራም ገደማ ነዳጅ ስለሚበላ በአንድ ቀን ሰባት ቶን ተኩል ያህል ይቃጠላል ማለት ነው። አንድ ቶን የመርከብ ናፍጣ 3.2 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ ውጤቱ 24 ቶን ይሆናል። ለወደብ ጎረቤት ከዚህ ይልቅ የሚከፋው ጥላሸቱና የናይትሮጅን ኦክሳይዶቹ ናቸው። ጭስ ማውጫው ያለው ከተማው አፍንጫ ሥር ነውና።

ይህን ለመቀነስ መጀመሪያ የተሞከረው ነዳጁን ማጥራት ነበር። በአውሮፓ ኅብረት ወደቦች ከ2010 ጀምሮ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚቆም መርከብ ድኝ ከ0.1 በመቶ ያልበለጠ ነዳጅ እንዲጠቀም ግዴታ ሆነ። በዓለም ደረጃ ደግሞ ከጥር 2020 ጀምሮ የድኝ ጣሪያው ከ3.5 ወደ 0.5 በመቶ ወረደ (ዓመቶቹ እዚህም ከዚህ በታችም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ይሁን እንጂ የጠራ ነዳጅም ካርቦኑንና የናይትሮጅን ኦክሳይዱን አያስቀርም። ሞተሩን ማጥፋት ግን ያስቀራል። የስዊድኑ የጎተንበርግ ወደብ በ2000 ለጭነት ፌሪዎች በከፍተኛ ቮልቴጅ መስጠት ጀመረ። የአላስካዋ ጁኖ በ2001 ለቱሪስት መርከቦች፣ ሎስ አንጀለስ በ2004 ለኮንቴይነር መርከቦች ቀጠሉ። ካሊፎርኒያ በሕግ አስገድዳለች፤ አውሮፓም ከ2030 ጀምሮ የኮንቴይነርና የመንገደኛ መርከቦች በዋና ዋና ወደቦች እንዲሰኩ ደንግጋለች።

ጥቅሙ የሚለካው ግን ከሶኬቱ በስተጀርባ ባለው ማመንጫ ነው። በድንጋይ ከሰል የሚመነጭ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ከመርከቡ ረዳት ሞተር የበለጠ ካርቦን ሊያወጣ ይችላል። ያን ጊዜ ጭሱ ከወደቡ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ እንጂ አልቀነሰም። የእኛ የኤሌክትሪክ መረብ በአብዛኛው በውሃ የሚሠራ ስለሆነ እዚህ ላይ ዕድለኞች ነን። ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ መብራት ትገዛለች፤ በጅቡቲው የዶራሌ ወደብ ላይ የሚሰካ መርከብ ቢኖር ከሚወስደው ኃይል አንድ ክፍል የእኛ ወንዝ ያመነጨው ይሆናል። የጣና ነገርማ ጭራሽ ይገርማል። ጀልባው ናፍጣ እያነደደ የሚያድረው 460 ሜጋዋት አቅም ያለውን የጣና በለስን ማመንጫ በሚያዞረው ውሃ ላይ ተንሳፎ ነው።

አሁን ወደ ቴክኒኩ። ያንኑ 1,500 ኪሎዋት በ440 ቮልት ለማድረስ፣ የኃይል ምጥነቱ (ከሚፈሰው ኃይል ሥራ የሚሠራው ድርሻ) 0.8 ከሆነ፣ ወደ 2,460 አምፔር ያስፈልጋል። ይህን የሚሸከም ኬብል በእጅ የሚጎተት አይደለም። በ6.6 ኪሎቮልት ግን 164 አምፔር ብቻ ነው። ስለዚህ ትልቅ መርከብ በከፍተኛ ቮልቴጅ፣ በ6.6 ወይም በ11 ኪሎቮልት ይሰካል፤ የሚመራበትም ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ደረጃ አይኢሲ 80005-1 ይባላል። የኮንቴይነር መርከብ እስከ 7.5 ሜጋቮልት አምፔር (ቮልቴጅና አምፔር ተባዝተው የሚሰጡት የጭነት መለኪያ) በሁለት ኬብል ይወስዳል፤ የኬብሉ ጥቅል ያለው መርከቡ ላይ ነው። ምክንያቱም መርከቡ ክሬን በሚመላለስበት ዳርቻ ላይ የትኛው ነጥብ ጋ እንደሚቆም አስቀድሞ አይታወቅም። የቱሪስት መርከብ 16 ሜጋቮልት አምፔርና ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ አራት የፌዝ (ኃይል አምጪ) ኬብልና አንድ የኒውትራል (የመመለሻ) ኬብል ይሰካለታል፤ ኬብሉንም የሚያነሳው ዳርቻው ላይ የቆመ ክሬን ነው። ከአንድ ሜጋቮልት አምፔር በታች ለሆነው በ80005-3 የሚመራ ዝቅተኛ ቮልቴጅ አለ።

ቀጥሎ ፍሪኩዌንሲ። አብዛኛው የውቅያኖስ መርከብ በ60 ሄርዝ ይሠራል፤ የኢትዮጵያ፣ የጅቡቲና የአውሮፓ መረብ ግን 50 ሄርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቴጅን እንጂ ፍሪኩዌንሲን አይለውጥም። ለ60 ሄርዝ የተሠራ ሞተር 50 ሲሰጠው ፍጥነቱ ወደ 83 በመቶ ይወርዳል። ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ከሆነ የሚገፋው ውሃ በዚያው መጠን ሲቀንስ፣ የሚወስደው ጉልበት ወደ 58 በመቶ ይወድቃል። ይህን ፓምፑ ይችለው ይሆናል። የሞተሩ ኮይል ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለእሱ ወሳኙ ቮልቴጁ ለፍሪኩዌንሲው ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር ነው። 440 ቮልትን ለ60 ቢያካፍሉ 7.3 ይመጣል፤ 380ን ለ50 ቢያካፍሉ 7.6፣ 400ን ለ50 ቢያካፍሉ ደግሞ 8። በ380 ቮልት ያው ሞተር ሳይጎዳ ሊዞር ይችላል። 440ን እንዳለ በ50 ሄርዝ ቢሰጡት ግን 8.8 ስለሚሆን የብረት እምብርቱ ይጠግባል፣ ማለትም ተጨማሪ ማግኔትነት መቀበል ያቅተዋል፤ ሞተሩ ያለ ጭነትም ይግላል። በዚህ ምክንያት 50 ሄርዝ ያለው ወደብ ፍሪኩዌንሲ ኮንቨርተር፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲውን የሚለውጥ መሣሪያ፣ ይተክላል። ከየብሱ ዕቃዎች ውድና ቦታ የሚፈጅ ዕቃ ነው።

ኮንቨርተር የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል፤ ብዙ ሰው ደግሞ ይህን ይረሳዋል። ትራንስፎርመር ሾርት ሲፈጠር የመደበኛውን ብዙ እጥፍ አምፔር ያፈሳል፤ ሪሌዩ (አምፔሩን የሚከታተለው መሣሪያ) ያንን አይቶ ብሬከሩን ይጥላል፣ ማለትም ኃይሉን ያስቆርጣል። ኮንቨርተር ግን ራሱን ለመጠበቅ አምፔሩን ከመደበኛው እምብዛም ሳያሳልፍ ይገድበዋል። ስለዚህ መርከቡ ውስጥ ሾርት ሲፈጠር የታችኛው ብሬከር የሚወድቅበትን መጠን ያጣል፤ መላው መርከብ በአንድ ጊዜ ይጨልማል። መፍትሔው የሪሌዩን ማስተካከያ ለየብስ ኃይል ለብቻው ማስላት ነው። ከጀነሬተሩ የተቀዳ ማስተካከያ አይሠራም። ቀጥታ ከትራንስፎርመር ሲሰጥ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። ሁለቱ ኃይሎች ጎን ለጎን በሚሠሩባት አጭር ጊዜ የየብሱና የጀነሬተሩ የሾርት አምፔር ተደምሮ የመርከቡ ቦርድ ከሚችለው ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ያቺ ጊዜ መርዘም የለባትም።

በየብስና በመርከብ መካከል ሁልጊዜ ለይቶ የሚያስቀምጥ ትራንስፎርመር ይገባል፤ ለእያንዳንዱ መርከብም የራሱ ኮይል ይሰጠዋል። ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ የመርከብ ዝቅተኛ ቮልቴጅ መረብ ብዙ ጊዜ ኒውትራሉ ከምድር ያልታሰረ ነው፤ ቀጥታ ከከተማ መስመር ቢገናኝ የአንዱ መርከብ ብልሽት የሌላው ብልሽት ይሆናል። ሁለተኛው ዝገት ነው። ሁለት የብረት ቀፎዎች በኧርዝ ሽቦ ተያይዘው አንድ ውሃ ውስጥ ሲቆሙ ባትሪ ይሆናሉ፤ ደካማው ብረት ይበላል።

አሰካኩ እንዲህ ነው። መርከቡ ከመድረሱ በፊት ቮልቴጁ፣ ፍሪኩዌንሲው፣ ከፍተኛ ጭነቱና የሚሰካበት ጎን በጽሑፍ ይነገራል። መርከቡ ከታሰረ በኋላ የሁለቱም ጎን መስመር በኧርዝ ማብሪያ ወደ ምድር እንደታሰረ ይረጋገጣል፤ ኬብሉን ሰው በእጁ የሚነካው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። ፕላጉ ሲገባ በኬብሉ ውስጥ ያለችው ቀጭን የመቆጣጠሪያ ሽቦ ዙሯን ትዘጋለች። ይህች ዙር ክፍት ከሆነች የየብሱ ብሬከር ፈጽሞ አይዘጋም። ከዚያ የድንገተኛ ማቆሚያው ከሁለቱም ወገን ይሞከራል፤ የኧርዝ ማብሪያዎቹ ይከፈታሉ፤ የየብሱ ብሬከር ይዘጋና ኃይሉ መርከቡ መግቢያ ሰሌዳ ድረስ ይመጣል። የፌዝ ቅደም ተከተሉ ይታያል። ተገልብጦ ከሆነ ሞተሮቹ ሁሉ ወደ ኋላ ይዞራሉና ማንም ምንም አይነካም። ትክክል ከሆነ የመርከቡ ጀነሬተሮች ከየብሱ ጋር ሲንክሮናይዝ ይደረጋሉ፣ ማለትም የሁለቱ ሞገድ እኩል እንዲሄድ ይገጣጠማል፤ የሚስተካከለው መርከቡ ነው፣ መረቡ አይደለም። ጭነቱ ቀስ ብሎ ይሸጋገራል፤ ጀነሬተሩ ያለ ጭነት ጥቂት ደቂቃ ዞሮ ከቀዘቀዘ በኋላ ይጠፋል። የአደጋ ጊዜ ጀነሬተሩ ግን በራሱ እንዲነሳ ተዘጋጅቶ ይቆያል፤ መብራት እንደሚጠፋ እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን።

የሚበላሸው ምንድን ነው? መርከቡ ላይ ትራንስፎርመር ካለ መጀመሪያ ሲበራ ለቅጽበት ከመደበኛው ስምንት፣ አሥር እጥፍ ይስባል፤ ለዚህ ያልተሰላ ሪሌይ ገና ሳይጀመር ይጥለዋል። ብዙ ሠራተኛ ይህን ሾርት ነው ብሎ ግማሽ ቀን ኬብል ሲፈትሽ ይውላል። ኬብሉ ጥቅሉ ላይ እንዳለ ሙሉ ጭነት ከተሰጠው ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ሽፋኑ ይቀልጣል፤ ቤት ውስጥ ባለ ጥቅል ማራዘሚያም ይህ ይደርሳል። ማዕበሉ ሲወጣና ሲወርድ ኬብሉ ይወጠራል፤ ውጥረቱን የሚለካ መሣሪያ መጀመሪያ ያስጠነቅቃል፣ ካልተሰማ ይቆርጣል። ደግሞም ሁሉም ጭስ አይቀርም። እንፋሎት የሚሰጠው ቦይለር በነዳጅ መሥራቱን ይቀጥላል። የጭነት ፓምፑን በእንፋሎት የሚያዞር የነዳጅ ጫኝ መርከብ ከመሰካት የሚያገኘው ጥቅም ከቱሪስት መርከብ በጣም ያነሰ ነው።

ጎርጎራ እንመለስ። እዚህ ፍሪኩዌንሲው ችግር አይደለም፤ በጀልባ ላይ የሚገኝ ትንሽ ጀነሬተር አብዛኛውን ጊዜ 50 ሄርዝ፣ 220 ቮልት ነው። ጭነቱም ትንሽ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የጀልባውን ጭነት ይቁጠሩ። ጥቂት የኤልኢዲ አምፖል፣ የቀፎ ውሃ ፓምፕና አንድ ትንሽ ፍሪጅ ብቻ ከሆነ ሌሊቱን 24 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ያሳድረዋል፤ 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ከሆነ ግን ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ ባይጠቀሙ ይሻላል። በእኛ አስተያየት ለአብዛኛው የጣና ጀልባ የየብስ መብራት ትክክለኛው ሥራ ይህን ባትሪ መሙላት ነው፤ መስመሩ ሌሊት ቢጠፋ እንኳ ጀነሬተር ማስነሳት አያስፈልግም። ወጥ ቤትና ትልቅ ማቀዝቀዣ ያለው፣ በአማካይ አምስት ኪሎዋት የሚወስድ ጀልባ ግን በ12 ሰዓት 60 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። በቀላል ጭነት የሚዞር ትንሽ ጀነሬተር ለዚህ 24 ሊትር ገደማ ናፍጣ ይበላል። እዚህ ላይ መሰካት ያዋጣል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ባለ አንድ ፌዝ 32 አምፔር ሶኬት ይበቃል። ሰማያዊው ክብ ባለ ሦስት እግር ማለት ነው፤ የቤት ሶኬትና ዲቫይደር አይሆንም። ሦስት ፌዝ ከሆነ ቀዩ ባለ አምስት እግር ነው። ርቀቱን አይናቁ። ከማከፋፈያው እስከ መቆሚያው 150 ሜትር ቢሆንና 10 ስኩዌር ሚሊሜትር መዳብ ቢዘረጉ፣ በ32 አምፔር ወደ 17.6 ቮልት ይጠፋል፤ የ220 ስምንት በመቶ ነው። ማታ መስመሩ ራሱ ሲደክም የፍሪጁ ኮምፕረሰር መነሳት ያቅተውና ይቃጠላል። በ25 ስኩዌር ሚሊሜትር ጥፋቱ ወደ ሰባት ቮልት ይወርዳል። ከሶኬቱ ወደ ጀልባው የሚሄደው ደግሞ የጎማ ሽፋን ያለው ተጣጣፊ ኬብል ይሁን።

የሶኬቱ ሳጥን ውሃ የማያስገባ ሆኖ፣ ዳርቻው ቋሚ ከሆነ ውሃው በክረምቱ ማብቂያ ከሚደርስበት ከፍተኛ ልክ ቢያንስ አንድ ሜትር በላይ ይሰቀላል። የጣና ከፍታ በዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይወጣል ይወርዳልና በሚያዝያ የተለካ ልክ በመስከረም ያሳፍራል። ኬብሉ ወደ ውሃው እንዲንጠለጠል አይተዉት፤ ነፋስ የነዳው የእምቦጭ ክምር ይዞት ሲሄድ ፕላጉን ነቅሎ ይወስዳል። ክረምት ላይ መብረቅ ስለሚበዛም ማከፋፈያው ላይ የመብረቅ መከላከያ ይጨመር።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው። እያንዳንዱ ሶኬት የራሱ ብሬከርና የራሱ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ (ኃይል ከመስመሩ ወጥቶ ሲፈስ ወዲያው የሚቆርጥ መሣሪያ) ይኑረው። ለሁሉም አንድ አርሲዲ ካደረጉ የየጀልባው ጥቃቅን ፍሳሽ ተደምሮ በየጊዜው ይጥላል፤ የሰለቸው ሰው ደግሞ አንድ ቀን አርሲዲውን አልፎ በሽቦ ያገናኘዋል። ወደ ውሃው የሚፈስ ኃይል ጣና ላይ ከባሕር ወደብ ይልቅ የሚያሰጋበት ምክንያት አለ። የባሕር ውሃ ጨዋማ ስለሆነ ከሰው አካል የበለጠ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ አምፔሩ ሰውየውን ዙሪያውን ያልፈዋል። የሐይቅ ውሃ ግን ከሰው አካል ያነሰ ያሳልፋል፤ ስለዚህ አምፔሩ አቋራጭ ፍለጋ በዋናተኛው ውስጥ ያልፋል። ከ10 እስከ 15 ሚሊአምፔር ጡንቻን ይይዛል፤ ሰውየው መዋኘት አቅቶት ይሰምጣል፣ አካሉ ላይ የቃጠሎ ምልክት ላይኖር ይችላል። ሰዎችም «ሰጠመ» ብለው ይቀብሩታል። ጀልባ በተሰካበት መቆሚያ ልጆች እንዲዋኙ አይፈቀድ፤ ታንኳ የሚቀዝፉትም ቀፎውን እንዳይደገፉ ይነገራቸው።

ኧርዙ ለመቆሚያው ብቻ የተተከለ የምድር ዘንግ ይሁን፤ ከሶኬቱ በኬብሉ በኩል እስከ ጀልባው ብረት ሁሉ ሳይቋረጥ ይድረስ። «ቀፎው ውሃ ውስጥ ነው፣ ውሃው ኧርዝ ይሆነዋል» የሚለው ሐሳብ ስሕተት ነው። የተባለው ቢሆን አምፔሩ የሚሄደው በዚያው ዋናተኞቹ ባሉበት ውሃ ነው። ቀፎው ብረት ከሆነ ዝገቱን ለመከላከል ለይቶ የሚያስቀምጥ ትንሽ ትራንስፎርመር ጀልባው ላይ ይገባል፤ ለእንጨትና ለፋይበር ጀልባ ይህ ግዴታ አይደለም።

ከየብስና ከጀነሬተር የሚመርጠው ማብሪያ በመካከሉ ዜሮ ያለው ባለ ሦስት ቦታ ቼንጅ ኦቨር ይሁን፤ ፌዙንም ኒውትራሉንም አብሮ ይቁረጥ። ፌዙን ብቻ የሚቀይር ከተደረገ፣ ጀነሬተሩ ላይ ያለው የኒውትራልና የኧርዝ ማሰሪያ የየብሱን አርሲዲ ያለ ማቋረጥ ይጥላል። ቼንጅ ኦቨር ሳይኖር ሁለት ብሬከር ጎን ለጎን ማድረግ ደግሞ የባሰ ነው። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር ሲነሳ ኃይሉ ወደ ኋላ ወደ መስመሩ ይሄዳል፤ በመስመር ጥገና ላይ ያለውን ሠራተኛ ይገድላል። በሁለቱም ጫፍ ወንድ ፕላግ ያለው ገመድ አበጅቶ «ለዛሬ ብቻ» ማለትም እዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከየብስ የሚመጣው ጫፍ ሁልጊዜ ባለ ቀዳዳ፣ ጀልባው ላይ ያለው መግቢያ ባለ እግር ነው።

ሥራው ሲያልቅ ኃይል ከመስጠትዎ በፊት መስመሩን በ500 ቮልት ሜገር (የሽቦ ሽፋን ደህንነት መለኪያ) ይለኩ፤ ከአንድ ሜጋኦም በታች ከሆነ አይብራ። ሲለኩ የመብረቅ መከላከያውንና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃውን ነቅለው ይሁን። ከዚያ የኧርዙን ቀጣይነት ከሶኬቱ እስከ ቀፎው፣ በመጨረሻም እያንዳንዱን አርሲዲ በመሣሪያ ይፈትሹ፤ በ30 ሚሊአምፔር በ300 ሚሊሰከንድ ውስጥ፣ በ150 ሚሊአምፔር ደግሞ በ40 ውስጥ መውደቅ አለበት። የአርሲዲውን የመሞከሪያ ቁልፍ መጫን ዕቃው መሥራቱን ያሳያል እንጂ ኧርዙ መኖሩን አያሳይም።

የጀልባው ነጂ የሚያውቀው ቅደም ተከተልም አጭር ይሁን። ሲሰካ መጀመሪያ ጀልባው ላይ፣ ቀጥሎ ሳጥኑ ላይ፣ ከዚያ ብሬከሩ። ሲነቀል ጭነቱን አጥፍቶ፣ ብሬከሩን ጥሎ፣ ከሳጥኑ፣ በመጨረሻ ከጀልባው። የሚቀረው ጀልባው ተሰክቶ እያለ የመነሳቱ ነገር ነው። በትልልቆቹ ወደቦች ይህን የምትከለክለው ያች ቀጭን የመቆጣጠሪያ ሽቦ ናት። እዚህ ግን ሳጥኑ አጠገብ ሚስማር መትቶ፣ ጀልባው ተሰክቶ እስካለ ድረስ የሞተሩን ማስነሻ ቁልፍ እዚያ ላይ ማንጠልጠል ይበቃል።